ለትንሽ ካሜራ የሚሆን ስፖንጅ ያለው ቦርሳ፦ ጎጃምን ለሚዞር ሰው የቱ ይሻላል?

ዘንገና (እንጅባራ)

ጎበዝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ምክር ፈልጌ ነው።

አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ሶኒ አርኤክስ 100 የምትባለውን ትንሽ ካሜራ ይዛልኝ መጣች። የመጀመሪያዋ ሞዴል ናት፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣችው። ወርዷ 10 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ነገር፣ ቁመቷ 6 የማይሞላ፣ ውፍረቷ 3 ተኩል አካባቢ ነው። ከነባትሪዋ 240 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ኪስ ውስጥ ትገባለች፤ እኔ ግን ኪሴ ውስጥ ይዣት መዞር ፈራሁ። የመጣችው ደግሞ ያለ ቦርሳ ነው።

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እየደረሰ ነው። የዘንድሮውን በራሴ ካሜራ ማንሳት እፈልጋለሁ። ፈረሱ ሲጋልብ ሜዳው ላይ የሚነሳውን አቧራ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በጀልባ ዘጌ፣ ቀጥሎም ጮቄ መውጣት አስቤያለሁ። የምሄደው በቅጥቅጥና በባጃጅ ነው።

ሱቅ ስጠይቅ ሁለት ዓይነት አሳዩኝ። አንዱ ትልቅ ጥቁር የካሜራ ቦርሳ ነው፤ ውስጡ ሰፊ፣ ስፖንጁ ወፍራም። ሌላው የመነጽር ማስቀመጫ የመሰለ ስስ ጨርቅ። ትልቁን ልግዛ ወይስ ትንሹን? ወይስ ላሰፋ?

የቡሬ ልጅ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ትልቁን ግዢ። ነገ ሌላ ካሜራ ስትይዢ ቦታ ይኖርሻል። ቦርሳ በየጊዜው አይገዛም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ቡሬ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የእሷ ካሜራ ሌንሷ አይፈታም። የምትጨምረው ሌንስ የለም። ቦርሳ የሚገዛው ዛሬ በእጅ ላለው ካሜራ ነው።

ዘንገና፣ እኔ ሰርግና ክርስትና እያነሳሁ የምኖር ሰው ነኝ። ብዙ ዓይነት ቦርሳ በእጄ አልፏል። ትንሽ ካሜራ ትልቅ ቦርሳ ውስጥ ስትገባ ስፖንጁ ምንም ቢወፍር አይረዳትም። መኪናው በነጠረ ቁጥር እሷም ከግድግዳ ግድግዳ ትላተማለች። ስፖንጅ የሚያድነው ዕቃውን አቅፎ ሲይዝ ነው።

ሱቅ ስትገቢ ይህን አድርጊ። የቦርሳውን ግድግዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ መሃል ያዢና ጠበቅ አድርገሽ ጨምቂው። ሁለቱ ጣቶችሽ የተነካኩ ያህል ከተሰማሽ ተይው። የፍራሽ ስፖንጅ ነው። ሲነኩት ይመቻል፤ ሲወድቅ ግን ሙሉ በሙሉ ይታጠፋል፣ ውሃም ይጠጣል። ጥሩው ጠንከር ያለ ፎም ነው፤ የነጠላ ጫማ ሶል የሚሠራበት ዓይነት። ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው የተዘጉ ስለሆኑ አየሩ አያመልጥም፣ ውሃም አይገባም። ጫን ስትይው ትንሽ ይሰጥና መልሶ ይገፋሻል። የእሱ አንድ ሴንቲ ሜትር ለአንቺ ካሜራ ይበቃል።

ቀጥሎ ታቹን እዪ። ቦርሳ የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ ከታች ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ የመኪና ወለል ላይ ዘጭ ሲል፣ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ። ርካሽ ቦርሳዎች ጎን ጎናቸውን ስፖንጅ ሞልተው ታቹ ላይ ካርቶን ብቻ ያደርጋሉ። እጅሽን አስገብተሽ ዳሺው።

መጨረሻ ላይ ካሜራዋን እዚያው አስገብተሽ ዚፑን ዝጊና ጆሮሽ አጠገብ ነቅነቅ አድርጊው። ካንኳኳ ሰፍቷል። ዚፑን ለመዝጋት ከታገልሽ ደግሞ ጠብቧል።

የቡሬ ልጅ

ትልቁ ቦርሳ እኮ በሚለጠፍና በሚላቀቅ መከፋፈያ ማጥበብ ይቻላል። ባዶውን ቦታ ጃኬት ትሞላበታለች።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ይቻላል፣ አልካድኩም። ግን ጃኬቱን ባወጣች ቁጥር ካሜራዋ ትፈታለች። ሌላው ነገር፣ ትልቅ ቦርሳ ቤት ይቀራል። 240 ግራም ካሜራ የተሠራችው ሁልጊዜ አብራ እንድትውል ነው። ቦርሳው ከካሜራዋ አራት እጥፍ ከከበደ ከሳምንት በኋላ ሁለቱም ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው።

የማርቆሱ ስቱዲዮ (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ ዘንገና፣ እግዚአብሔር ይባርክልሽ። እኔ ስቱዲዮ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር።

በፊልም ዘመን ካሜራው ከነቆዳ ልብሱ ነበር የሚመጣው። በልኩ ተሰፍቶ ከታች በብሎን የሚታሰር። ያ ቆዳ ከጭረት ያድናል፤ ከመውደቅ አያድንም። ውስጡ ስስ ከፋይ ብቻ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት ይይዛል። ቆዳ ውስጥ ተዘግቶ ከሰኔ እስከ መስከረም የከረመ ሌንስ ሻጋታ ሲያበቅል ብዙ አይቻለሁ። መስታወቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል። ቶሎ ካልተጠረገ የመስታወቱን ቅብ ይበላዋል፤ ያን ጊዜ ሻጋታው ቢለቅም ጠባሳው አይለቅም።

ስለዚህ ቦርሳሽ የመንገድ ይሁን። ቤት ስትገቢ ካሜራዋን አውጫት። አየር የሚያገኘው፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው መደርደሪያ ላይ አስቀምጫት። ቦርሳውንም ዚፑን ከፍተሽ አናፍሺው። ክረምት ሲገባ ክዳኑ ጎማ ያለው ምሳ ዕቃ ፈልጊና ከሲሊካ ጄል ጋር ዝጊባት። ሲሊካ ጄል ማለት አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የምትገኘው ትንሽ ከረጢት ናት። ትንንሽ ልጆች እንዳይከፍቷት ብቻ ጠብቂ።

ጋቢና ነጠላ ላይ ጠቅልለው የሚይዙም አሉ። አይሆንም። ጥጥ ብናኝ አለው፤ ብናኙ ሌንሷ በምትወጣበት ክፍተት ሾልኮ ይገባል።

ዳንግላ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። በሲሊካ ጄሉ ፋንታ ሩዝ ቢሆንስ? ስልክ ውሃ ሲነካው ሩዝ ውስጥ ይከተታል ሲባል ሰምቻለሁ።

የማርቆሱ ስቱዲዮ (ደብረ ማርቆስ)

አይሆንም ልጄ። ሩዝ ዱቄት አለው። ዱቄቱ ራሱ ለካሜራ ጠላት ነው፤ እርጥበትም እንደምታስበው አይስብም። የጫማ መሸጫ ያላቸውን ሰዎች ብትጠይቅ ሲሊካውን በነጻ ይሰጡሃል።

የቢቸናው

እኔ ከናካቴው ሌላ ሐሳብ አለኝ። ለምን ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን አትገዛም? ፔሊካን የሚባለው ዓይነት፣ ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ያለው። ቢረገጥ አይሰበርም፤ ውሃ ላይ ቢወድቅ ይንሳፈፋል። ዘጌ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ለጀልባ እውነትህን ነው። የሚያነሳ ሰው ግን ካሜራውን ማውጣት አለበት። ፈረሰኛው ከሜዳው ጫፍ ተነስቶ ፊትሽ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ትንሽ ነው። ሳጥን መሬት ላይ አስቀምጦ ሁለት መቆለፊያ ፈልቅቆ ማውጣት አይሆንም። በአንድ እጅ የሚከፈት ለስላሳ ቦርሳ ነው የሚያስፈልጋት።

ስለ ጣና ልንገርሽ ዘንገና። ጠዋት ውሃው ረጋ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳና ሞተር ጀልባው ማዕበሉን ሲቆርጥ ፊት የተቀመጠውን ሰው ይረጨዋል። ጠዋት ሂጂ፣ ወደ ኋላ ተቀመጪ። ካሜራዋን መጀመሪያ በጥብቅ የሚዘጋ ፌስታል ውስጥ፣ ከዚያ ቦርሳው ውስጥ አድርጊያት። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመድረስ ከወረድሽበት ትንሽ በእግር ስለምትሄጂ እዚያ ፌስታሉን ታወጪዋለሽ። ጢስ ዓባይም ብትሄጂ እንዲሁ ነው። ፏፏቴው ሞልቶ ሲወርድ ጢሱ ከሩቅ ያርስሻል።

ሻጭ «ውሃ አያስገባም» ሲልሽ ጨርቁን ማለቱ ነው። ጨርቁ ከውስጥ ተቀብቶ ይሆናል፤ ውሃ ግን በስፌቱና በዚፑ ነው የሚገባው። ዚፑን የሚሸፍን ክዳን ከሌለው የጎጃምን ዝናብ አይችልም። አቧራውም በዚያው ነው የሚገባው።

ዳሞት

የኔ እህት፣ ሴት ስለሆንሽ እኔም የማውቀውን ልንገርሽ። የወገብ ቦርሳ ዓይነት ውሰጂ፤ ግን በትከሻሽ አሻግረሽ ደረትሽ ላይ አድርጊው። የበዓሉ ቀን ሰው ለሰው ይተፋፈጋል። ጎንሽ ላይ ወይ ጀርባሽ ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ ሲከፈት አታዪውም። ላዩ ላይ የካሜራ ስም በትልቁ የተጻፈበትንም አትግዢ። ተራ ቦርሳ የሚመስል ይሻላል። ነጠላሽን ከላይ ጣል ብታደርጊበት ጭራሽ አይታይም።

ቁልፍና ሳንቲም ካሜራዋ ካለችበት ኪስ አታግቢ። የኋላዋን ስክሪን የሚጭረው እሱ ነው። ቻርጀሩንም ለብቻው አድርጊው።

ደጀን

ጮቄን ያነሳሽው ልክ ነሽ፣ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ጫፉ ወደ 4,100 ሜትር ነው። ጠዋት እጅ ያደነዝዛል። እዚያ አድረሽ፣ ካሜራዋ እንደ በረዶ ቀዝቅዛ፣ ወርደሽ ማርቆስ ሞቅ ያለ ምግብ ቤት ገብተሽ ወዲያው ብታወጫት ሌንሷ ላብ ያወጣል። ሞቃቱ አየር የያዘው እርጥበት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውሃ ይሆናል። ውጩን ትጠርጊዋለሽ፣ ውስጡን ግን አትደርሺበትም።

እኛ ዘንድም ያው ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ላይ ጃኬት ለብሰሽ ተነስተሽ ታች አውልቀሽ ትደርሻለሽ።

እዚህ ላይ ስፖንጁ ሌላ ጥቅም አለው። ሙቀቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። ሞቃት ቦታ ስትደርሺ ቦርሳውን ሳትከፍቺ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዪው፣ ጊዜ ካለሽ ከዚያም በላይ። ካሜራዋ ከቤቱ ጋር እስክትለማመድ ማለት ነው። በተረፈ ጥቁር ቦርሳ መኪና መስታወት ስር ፀሐይ ላይ አይቀመጥም። ባትሪውን ይጎዳል።

ከተራራው ጋር ተያይዞ ደስ የሚለኝን ነገር ልጨምር። ሎውፕሮ የሚባለውን የካሜራ ቦርሳ በ1967 እ.ኤ.አ. የጀመረው ግሬግ ሎው ራሱ ተራራ ወጪ ነበር። ገደል ላይ ሁለት እጁን የሚፈልግ ሰው ነው የሠራው። ስለዚህ ለጮቄ የሚሆነው ሰውነትሽ ላይ ተጣብቆ የሚቀመጥ ቦርሳ ነው፤ በሄድሽ ቁጥር ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ አይሁን።

ዳንግላ

ቅጥቅጥ ስትሳፈሪ ረዳቱ «አምጪው፣ ላይ ይጫን» ቢልሽ እሺ አትበዪ። ፖርቶ መጋላ ላይ ካሜራ አይጫንም። እግርሽ ስርም አታድርጊው፤ የወለሉ ንዝረት ጥቃቅን ብሎኖችን ያላላል። ጭንሽ ላይ ይሁን። የራስሽ ሰውነት ከስፖንጁ በላይ ንዝረቱን ያበርድለታል። ባጃጅም ላይ እንዲሁ።

ዘንገና (እንጅባራ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ፣ እርስዎንም እግዜር ያክብርልኝ። ትልቁን ቦርሳ ትቼዋለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ።

አንደኛ፣ ማብሪያዋ ላይዋ ላይ ናት። ስትበራ ሌንሷ ወደፊት ይወጣል። ጠበቅ ያለ ቦርሳ ውስጥ ማብሪያዋ ብትጫንስ? ሁለተኛ፣ አንድ ሱቅ ክዳኑ በማግኔት የሚዘጋ ቆንጆ ቦርሳ አይቼ ነበር። ማግኔት ሚሞሪውን ያጠፋዋል ብለው አስፈራሩኝ። እውነት ነው?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

የመጀመሪያው ጥያቄሽ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። እንዲህ ዓይነት ካሜራ ይዘው ወደ ጠጋኝ የሚሄዱ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያማርሩት ይህንኑ ነው። ቦርሳ ውስጥ ትበራለች፣ ሌንሷ ለመውጣት ትገፋለች፣ ስፖንጁ ይይዛታል። ሞተሯ ትንሽዬ ናት፤ ጥርሶቹም ፕላስቲክ ናቸው። አንዴ ከቦታቸው ከተንሸራተቱ ሌንሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ጥገናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከካሜራዋ ዋጋ ጋር ይቀራረባል።

ስለዚህ ጎኑና ታቹ ጠበቅ ይበል፣ ላዩ ግን ጣት የምታስገባ ክፍተት ይኑረው። ካሜራዋ ማብሪያዋን ወደ ላይ አድርጋ ትቁም። በጎኗ ወይም በሌንሷ አትተኛ። ረጅም መንገድ ስትሄጂ ባትሪዋን አውጥተሽ ለብቻ ብትይዢው ስጋቱ ከነጭራሹ ይጠፋል። ባትሪውን ግን ከቁልፍ ጋር ኪስ አትክተቺው፤ ብረት ሁለቱን ጫፍ ካገናኘው ይግላል።

ኮምፒውተር ቤት (ባሕር ዳር)

ስለ ማግኔቱ እኔ ልመልስ። አይዞሽ፣ ሚሞሪ ካርድ በቦርሳ ማግኔት አይጠፋም። ማግኔት የሚያጠፋው የድሮውን ካሴትና ፍሎፒ ዲስክ ነበር። የአሁኑ ካርድ የሚያስቀምጠው በኤሌክትሪክ ነው።

እኔ በማግኔት የሚዘጋውን የማልወደው በሌላ ምክንያት ነው። አሸዋና አፈር ውስጥ የብረት ብናኝ አለ። ማግኔቱ እሱን እየሰበሰበ አፉ ላይ ያከማቻል። ካሜራዋን ባወጣሽ ቁጥር በዚያ ትፈገፍጊያታለሽ። አፉም ሙሉ በሙሉ ስለማይገጥም አቧራ ያስገባል። ለፈረሱ ሜዳ ዚፕ ይሻላል።

ሸራ ሰፊው (ፍኖተ ሰላም)

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ቦርሳ መስፋት ሥራዬ ነው። ከሱቅ ከምትገዢ ብታሰፊ በልክሽ ይሆናል፤ እኔ ጋም ባይሆን እንጅባራ ያሉት ሰፊዎች ይችሉታል። ምን ብለሽ እንደምታዢ ግን እወቂ። ካላወቅሽ የሞባይል ቦርሳ ሰፍተው ይሰጡሻል።

ላዩ የድንኳን ሸራ ይሁን፤ ወፍራሙ፣ የተቀባው። መሃሉ የጫማ ሶል የሚቆረጥበት ፎም፤ ጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ ታቹ በእጥፍ። የስፖርት ምንጣፍ ሆኖ የሚሸጠውም ጠንከር ካለ ይሆናል። ውስጡ ለስላሳ፣ ፀጉር የማይለቅ ጨርቅ። ጣና ዳር እንዳለው ላዩ ላይ ትንሽ ክፍተት እንተዋለን።

አሁን ብዙ ሰፊዎች የሚስቱትን ልንገርሽ። ሸራውን፣ ፎሙንና ገበሩን አንድ ላይ ደርበው በመኪና ይሰፉታል። መርፌው ባለፈበት ሁሉ ፎሙ ተጨምቆ ወረቀት ያህል ይቀጥናል። ማዕዘኑ ላይ፣ ቦርሳው በሚመታበት ቦታ፣ ምንም መከላከያ አይቀርም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ውሃ ይስባል። ትክክለኛው ሸራውንና ገበሩን እንደ ከረጢት መጀመሪያ ሰፍቶ የተቆረጠውን ፎም መሃላቸው ማስገባት ነው። ፎሙ መርፌ አይነካውም። ማዕዘኑ ላይ ፎሞቹ ጫፍ ለጫፍ ተገጣጥመው በማስቲሽ ይያያዛሉ።

ዚፑ ቁጥር 5 የፕላስቲክ ይሁን። የብረት ዚፕ ካሜራዋን ይጭራል። ከውስጥ በኩል የጨርቅ ከንፈር ይሰፋበት፣ ከውጭ የዝናብ ክዳን። ማንገቻውን ጎንና ጎኑ ላይ ብቻ አታስለጥፊው። ቀበቶው ከታች ዞሮ ቦርሳውን ተሸክሞ ይለፍ። ያን ጊዜ ስፌቱ ቢፈታ እንኳ ቦርሳው አይወድቅም።

የማርቆሱ ስቱዲዮ (ደብረ ማርቆስ)

ተባረክ ልጄ። ማስቲሹ ግን ሽታው እስኪለቅ ቦርሳው ተከፍቶ ይሰንብት። ትነቱ መስታወቱ ላይ ያርፋል።

ሸራ ሰፊው (ፍኖተ ሰላም)

ልክ ነዎት ጋሼ። ሳምንት ያህል አየር ላይ አውለዋለሁ።

የቡሬ ልጅ

እኔም ለራሴ አንድ ላሰፋ ነው። የእኔ ካሜራ ግን ሌንሷ የሚፈታ ሶኒ ኤ6000 ናት። እንዴት ይለካል?

ሸራ ሰፊው (ፍኖተ ሰላም)

ሌንሱን ከገጠምክ በኋላ ለካ እንጂ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን የካሜራዋን ልክ አትላክልኝ። እሱ ያለ ሌንስ ነው። ሌንሱ በክዳኑ ተሸፍኖ፣ ወደ ታች አዘቅዝቆ እንዲገባ ነው የምሰፋልህ። ከሌንሱ ክዳን ስር ፎም ይደረጋል፤ ክብደቱን ግን የሚሸከመው የካሜራዋ ትከሻ እንጂ ሌንሱ አይሆንም። ግራና ቀኝ ደረጃ እሠራለሁ።

ዘንገና (እንጅባራ)

በቃ ላሰፋ ነው። ጥር ከመግባቱ በፊት ይደርስልኛል? ልኳን በሚሊ ሜትር ልላክልህ?

ሸራ ሰፊው (ፍኖተ ሰላም)

ይደርሳል። ልኩን ላኪልኝና ፎሙን ልቁረጥ፤ ከመስፋቴ በፊት ግን ካሜራዋን ይዘሽ አንድ ቀን ብቅ በይ። የእጅ ማንጠልጠያዋም ስለሚገባ እሱን ጨምሬ ነው አፉን የምለካው። ቀለሙን ደግሞ ምረጪ፦ አረንጓዴና ቡኒ ሸራ አለኝ፤ ጥቁር አልቋል።